ከጠርሙሱ በፊት መዝገቡ

ጉለሌ የባለ እጅ ሰፈር ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሸማኔ ጥበብ ይሸጣል፤ ቀጨኔ ላይ ጀበናና ማጨሻ ከሸክላ ይሠራል፤ ከበላያቸው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አለ። እዚያው ተራራ ላይ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ ተንጣልሏል። ሽመናው፣ ሸክላውና ቅጠሉ በተጎራበቱበት በዚህ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ከአገር እጽዋት ሽቶ መቀመም ይገባል ወይ? ከተገባስ የሚያስከብረው በምኑ ነው? የሚከተለው ምልልስ ይህን ጥያቄ በሁለት አፍ ለመመርመር የተጻፈ ነው። አንደኛው ተናጋሪ ዕድሜ የጠገቡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛዋ ወጣት ሽቶ ቀማሚ ናት። ሁለቱም ከጸሐፊው ሐሳብ የወጡ ናቸው፤ የሚያነሡት ማስረጃ ግን በገሃድ ያለ ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ክርክሬን «የተፈጥሮ» ከሚለው ቃል እጀምራለሁ። ሽቶሽን በዚህ ቃል የምትሸጪው ከሆነ ቤትሽን አሸዋ ላይ ሠርተሻል። የጠጅ ሳር ሽታ በአብዛኛው ሲትራል የሚባል ውህድ ነው፤ ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሚይዘው እሱ ነው። ፋብሪካ የሠራው ሲትራልና ከጠጅ ሳር የወጣው ሲትራል አንድ ናቸው፤ ያው ካርቦን፣ ያው ሃይድሮጅን፣ ያው ኦክስጅን፣ በያው አቀማመጥ። የዘመናዊው ሽቶ ታሪክም ከቤተ ሙከራ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1882 በፓሪስ የወጣው ፉዤር ሯያል የተባለ ሽቶ ኩማሪን የተባለ ሰው ሠራሽ ውህድ ገብቶበታል፤ በ1921 የወጣው ሻኔል ቁጥር 5ም የአበባ ዘይት ላይ አልዴሃይድ የተባሉ ሰው ሠራሽ ውህዶች ተደርበውበት የተቀመመ ነው። ዓለም ወደዚያ ያዘነበለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋብሪካ የሚሠራው ሽታ ዝናብ ቢዘገይም ቢበዛም አይለወጥም፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ የዛፍ ቅርፊትም አያቆስልም። ታዲያ ምን ጎድሎን ነው ጉለሌ ውስጥ እሳት አንድደን ቅጠል የምናፈላው?

ቀማሚዋ፦ ጋሼ፣ በሞለኪውሉ አልከራከርዎትም። በጠጅ ሳር ዘይት ውስጥ ከሲትራል ሌላ ብዙ ውህዶች ስላሉ ሽታው ይወፍራል ብዬ ልመልስ እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ጎበዝ ኬሚስት እነዚያንም ጨማምሮ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ክርክሬን እዚያ ላይ አልተክልም። እኔ የማነሣው ሌላ ነገር ነው፤ በበርሜል የሚመጣ ሲትራል አድራሻ የለውም። የእኔ ጠርሙስ ግን ሲጠየቅ መመለስ አለበት። ጠጅ ሳሩ በማን ጓሮ በቀለ፣ መቼ ታጨደ፣ ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት ግራም ወጣ፣ ማን አወጣው፣ ለአብቃዩ ስንት ተከፈለ? ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበብ የሚገዛ ሰው ጥለቱን የሠራው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሻጩም ይመልሳል። የእጅ ሽቶም ክብሩን ማግኘት ያለበት በዚህ ነው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተጠያቂ ያለው ሽቶ በመሆኑ። «የተፈጥሮ» የሚለውን ቃል ብተወውም ሥራዬ አይጎድልም፤ ይህን ብተው ግን ክፍሏን መዝጋት ይሻለኛል።

ደግሞም ከባዶ አንነሣም። አውሮፓውያን ሽቶን የሚጠሩበት ፐርፊዩም የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ ትርጉሙም «በጭስ በኩል» ማለት ነው። እኛ ቤት ይህ ትርጉም ገና አላረጀም። የወተት ዕቃው በወይራ ይታጠናል፤ ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል፤ በበዓል ዕለት ከቄጠማው ጋር አሪቲና ጠጅ ሳር ይነሰነሳል፤ ቅቤው በኮሰረት ይነጠራል። በኮሰረት ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊናሉል የተባለ ውህድ የላቬንደርም ዋና ሽታ ነው፤ እናቶቻችን ለቅቤ የመረጡትን የደቡብ ፈረንሳይ ቀማሚዎች ለሽቶ መርጠውታል። የጎደለን የአፍንጫ ዕውቀት አይደለም። ዕውቀቱ ተበታትኖብናል፤ ተክሉን ገበሬው ያውቀዋል፣ ሙጫውን ለቃሚው ያውቀዋል፣ በቀለምና በመጠን የሚለዩት ሴቶች ያውቁታል፤ ቅመማው ግን ባሕር ማዶ ይደረጋል። በፈረንሳይ የግራስ አካባቢ የሽቶ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ጠርሙስ አልነበረም፤ ሦስት ሙያዎች አብረው ተመዘገቡ፤ መዓዛማ ተክል ማልማት፣ ጥሬውን ማወቅና ማዘጋጀት፣ ሽቶ መቀመም። ግራስ ደግሞ ጥንት የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ነበረች፤ ሽቶው የመጣው የቆዳ ጓንትን ሽታ ለማሳመር ነው። የባለ እጅ ከተማ ወደ ሽቶ ከተማነት ተሸጋገረች። ሦስቱን ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ለማገናኘት ትንሽ ክፍል ይበቃል።

መምህሩ፦ ጥሩ፤ ተጠያቂነት ካልሽ እኔም ልጠይቅ። ከዕጣን እንጀምር። በመተማ፣ በቋራ፣ በአበርገሌና በትግራይ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በበጋው ወራት ቅርፊቱ በስለት ይላጣል፤ የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ያው ቁስል ደግሞ ይታደሳል፤ ይህ በአንድ በጋ ደጋግሞ ይደረጋል። የቆሰለ ዛፍ ጉልበቱን ለሙጫ ስለሚያውል የሚሰጠው ዘር ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የዚህን ዛፍ ሁኔታ ፈትሾ በአብዛኛው ቦታ ወጣት ዛፍ እንደሌለ አሳይቷል፤ በዚሁ ከቀጠለ ምርቱ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ በግማሽ እንደሚወርድ ተንብዮአል። ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል፤ ያረጀውን ዛፍ ጥንዚዛ ይቦረቡረዋል፤ ከልክ ያለፈ ማቁሰልም ይጨመርበታል። ጦስኝም እንዲሁ ነው፤ ደጋችን የሚያበቅለው የራሳችን ተክል ሆኖ ሳለ ከሥሩ እየተነቀለ ይሸጣል። ፋብሪካው የሠራው ሽታ ቢያንስ ዛፉን ያሳርፈዋል። «የተፈጥሮ ሽቶ» የምትዪው ተፈጥሮን እያወደሰ የሚጨርሳት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ቀማሚዋ፦ ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው፤ ከሥራው ብሸሽ የምሸሸው በእሱ ነበር። ግን እስቲ ስሌቱን አብረን እንይ። ዛፉን የሚጎዳው ዕጣን መፈለጉ ብቻ አይደለም፤ በኩንታል ተሽጦ በርካሽ መሄዱ ጭምር ነው። ዋጋው ዝቅ ባለ ቁጥር ለቃሚው ኑሮውን ለመሙላት ብዙ ዛፍ፣ በአንዱም ዛፍ ላይ ብዙ ቁስል ይፈልጋል። አሁን አንድ የ30 ሚሊ ሊትር ሽቶ እናስብ። ከዚህ ውስጥ መዓዛማው ዘይት 15 በመቶ ቢሆን አራት ሚሊ ሊትር ተኩል ነው፤ የዕጣኑ ድርሻ ከዚያ አንድ አምስተኛ ቢሆን አንድ ሚሊ ሊትር አይሞላም። ከአንድ ኪሎ ሙጫ 20 ግራም ዘይት ብቻ ቢወጣ እንኳ ከሃያ ጠርሙስ በላይ ያደርሳል። በሃያ ጠርሙስ ላይ ለአንድ ኪሎ ዕጣን የገበያውን ዋጋ ሦስት እጥፍ ብከፍል በአንዱ ጠርሙስ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ነው፤ ለለቃሚው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ያ ተጨማሪ ክፍያ ያለ ቅድመ ሁኔታ አይሰጥም፤ ዛፉ በየተራ እንዲያርፍ፣ የቁስሉ ቁጥር እንዲወሰን፣ ቡቃያው እንዲታጠር የሚከፈል ነው። የጦስኙም ውል ይኸው ነው፤ ከላይ ታጭዶ ሥሩ የቀረ ካልሆነ አልገዛም። ይህን ማድረግ የሚቻለው ከማን እንደገዙ ሲታወቅ ብቻ ስለሆነ የዛፉ ጥያቄ ራሱ ይህን ሁሉ ወደምጽፍበት መዝገብ ይመልሰኛል።

መምህሩ፦ ስሌቱ ልክ ነው። ግን አንዲት የጉለሌ ክፍል በዓመት ስንት ኪሎ ዕጣን ትገዛለች? ሃምሳ? መቶ? በኩንታል ከሚጫነው ጋር ሲነጻጸር ይህ ጠብታ ነው። ዛፉን የሚያድነው የመንግሥት ደንብ፣ የማኅበራቱ ጥንካሬና የደኑ ጥበቃ ነው። የትንሽ ሥራን ሥነ ምግባር ለትልቅ ችግር መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ራስን ማታለል እንዳይሆን ተጠንቀቂ፤ ገዢውም ጠርሙስ ስለገዛ ብቻ ዛፍ ያዳነ ይመስለዋል።

ቀማሚዋ፦ ዛፉን አድናለሁ ብዬ ከጻፍኩ ዋሽቻለሁ፤ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ትንሽ ክፍል ደን አታድንም። ልታሳይ የምትችለው ግን አለ፤ ያው ዕጣን ስሙና መነሻው ሲታወቅ ምን ያህል ሊያወጣ እንደሚችል። ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ቡናችን አስተምሮናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሣ ብዙዎች ስም ምን ያደርጋል ብለው ነበር። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ በ2007 ከስታርባክስ ጋር በስምምነት ሲቋጭ ስሙ ራሱ ሀብት መሆኑ ታወቀ። ዕጣናችን ግን ዛሬም በጆንያ ይሄዳል፤ የመተማው ከአበርገሌው አይለይም፤ የቦረናው ዕጣን ደግሞ ከሌላ ዓይነት ዛፍ የሚገኝና ሽታውም የተለየ ሆኖ ሳለ ገዢው ሁሉንም «ዕጣን» ብሎ ያልፈዋል። የሰሜኑ ዕጣን ዘይት ኦክቲል አሲቴት በተባለ ውህድ የበለጸገ ስለሆነ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ጠረን አለው፤ ይህን ለይቶ የሚያሸት፣ ለይቶ የሚጽፍ፣ ለይቶም የሚከፍል ሰው በመካከል ያስፈልጋል። ደንብ የሚያወጣውም አካል ማስረጃ ይሻል። ትንሽዋ ክፍል ደኑን ባታድን ማስረጃውን ታቀርባለች።

መምህሩ፦ ወደ ሥራሽ ክፍል ልግባ እንግዲህ። ሦስት ነገር ያሠጋኛል። አንደኛው እሳቱ ነው፤ ቅጠል በእንፋሎት ለማውጣት ለሰዓታት መንደድ አለበት፤ ጉለሌ ደግሞ ሴቶች ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱበት ሰፈር ነው። ሁለተኛው አልኮሉ ነው፤ አረቄ የማውጣት ጥበብ አለን ብለሽ በቤት አረቄ ሽቶ እንዳትበጠብጪ። ሦስተኛውና ትልቁ ቆዳው ነው። ሰው ከተክል የወጣ ነገር አይጎዳም ብሎ ያምናል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሲትራልም ሊናሉልም ሊሞኔንም ቆዳቸው በሚቆጣ ሰዎች ላይ አለርጂ ስለሚያስነሡ የአውሮፓ ኅብረት በሽቶ ዕቃ ላይ በስማቸው እንዲጻፉ ያስገድዳል። የጦስኝ ዘይት ሳይበረዝ ቆዳ ላይ ቢነካ ያቃጥላል። የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን ቢጠጣው መርዝ ነው። ትልቅ ፋብሪካ ይህን የሚፈትሽበት ቤተ ሙከራ አለው፤ አንቺ ምን አለሽ?

ቀማሚዋ፦ በአረቄው ልጀምር። የአረቄ አውጪዎቻችን ማሰሮ፣ ሸምበቆና ማቀዝቀዣ ውሃ በመርሑ ከሽቶ ማውጫ ጋር አንድ ነው፤ እንፋሎት ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠራቀማል። ከነሱ የምንማረው እጅ አለ፤ እሳትን በልክ መያዝ፣ መገጣጠሚያውን በጭቃ ወይም በሊጥ መምረግ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ ከመጨረሻው መለየት። አልኮሉን ግን አንወስድም። ዳግም አረቄ እንኳ ውሃ ይበዛበታል፤ ዘይቱ አልሟሟ ብሎ ያደፈርሰዋል፤ ከዚህም በላይ የሜታኖሉ መጠን አይታወቅም። ከሞላሰስ ኤታኖል የሚያመርት እንደ ፊንጫ ያለ ስኳር ፋብሪካ ባለበት አገር ለቆዳ የሚሆን የተጣራና የተመረመረ አልኮል ከነማረጋገጫው መግዛት ግዴታ ነው። አልኮል ለማይፈልግ ሙስሊም ደንበኛ ደግሞ ሽታ በሌለው ዘይት ላይ የተመሠረተ ሽቶ መሥራት የቆየ ሙያ ነው።

ስለ እሳቱ እውነትዎን ነው፤ ግን ከፍታችን ትንሽ ያግዘናል። በእንጦጦ ግርጌ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቅጠሉ ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለው ይልቅ በለዘበ ሙቀት ይወጣል፤ ለስስ መዓዛ ይህ መልካም ነው። ማገዶውን በሚመለከት ሥርዓቱን መገልበጥ ይቻላል። ባሕር ዛፍ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ይህን ተራራ ሸፍኗል፤ ቅጠሉም ለእንጀራ ምጣድ ይነድዳል። ቅጠሉ ከመንደዱ በፊት ዘይቱ ቢወጣለት፣ ከዚያም ደርቆ ምድጃ ቢገባ ያው ቅጠል ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ የተሸከመችውም ሴት ሁለት ዋጋ ታገኛለች። ጽድን ደግሞ መቁረጥ አያስፈልግም፤ አናጢዎች ዘንድ የሚጣለው ሰጋቱራ ሽታውን ይዞ ይቆያል፤ ዘይቱም የሽቶውን መሠረት አጽንቶ ያቆየዋል።

የቆዳው ነገር የሚመለሰው በመጠንና በመጻፍ ነው። ትልቅ ቤተ ሙከራ የለኝም፤ ስለዚህ ድፍረቴም ትንሽ መሆን አለበት። ከማላውቀው ተክል ሽቶ አልቀምምም፤ በታወቀው የመጠን ገደብ ውስጥ እሠራለሁ፤ የአለርጂ ውህዶቹን ስም በአማርኛ በጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ፤ ዘይቱን እንደ ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ መዓዛማ ተክሎችን ያጠኑ ባለሙያዎች ያሉበት ቦታ ለማስመርመር ዕቅድ እይዛለሁ። ከሁሉም በላይ ሽቶዬ በሽታ ይፈውሳል የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ሽቶ ሽቶ ነው፤ መድኃኒት ነው ያለ ቀን ተጠያቂነቱን ጥሏል።

መምህሩ፦ የገበያውስ ነገር? መርካቶ በጥቂት ብር የሚሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ሽቶ ሞልቷል። የተክል ዘይት ቶሎ ይበንናል፤ ደንበኛ ጠዋት ተቀብቶ ቀትር ላይ ካጣው ሁለተኛ አይመጣም። ደግሞ ሰው የሚጠይቅሽ ጽጌረዳ ነው። ኢትዮጵያ ጽጌረዳ በገፍ ወደ ውጭ ትልካለች፤ ታዲያ ለምን የጽጌረዳ ሽቶ አታወጪም ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ?

ቀማሚዋ፦ የጽጌረዳው መልስ ትንሽነት ለምን ትክክለኛ ልክ እንደሆነ ያስረዳል። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከሦስት እስከ አምስት ሺህ ኪሎ የአበባ ቅጠል ይጠይቃል። ለውጭ ገበያ የምናመርተው አበባ ደግሞ የተመረጠው በአገዳው ርዝመትና ሳይጠወልግ በመቆየቱ ነው፤ በመዓዛው ደካማ ነው። የጽጌረዳ ሽቶ የሚያወጡ አገሮች የተለየ ዝርያ ይተክላሉ። ስለዚህ የሌለንን እያስመሰሉ ከመሸጥ ያለንን መቀመም ይሻላል። ጠጅ ሳር በትንሽ ጓሮ ይበቅላል፤ መቶ ኪሎ እርጥቡ ጥቂት መቶ ግራም ዘይት ይሰጣል፤ ያም ለብዙ ጠርሙስ ይበቃል። ስለ መቆየቱ ደግሞ የሰጉት ልክ ነው፤ የጠጅ ሳርና የባሕር ዛፍ ሽታ ቀድሞ ይበንናል፤ ኮሰረቱ ትንሽ ይከተላል፤ ዕጣኑ፣ ከርቤውና ጽዱ ግን ቆዳ ላይ ይከርማሉ። ቅመማ ማለት ይህን ቅደም ተከተል ማደራጀት ነው። ይህም ሆኖ የተክል ሽቶ እንደ መርካቶው አይጮኽም፤ ቀረብ ላለ ሰው የሚሸት ነው። ለሚፈልገው ሰው እንዲህ መሆኑን አስቀድሞ መንገር እንጂ ይቆያል ብሎ መዋሸት አያስፈልግም።

ዋጋው ለሁሉም አይደርስም ቢሉኝ ግን ይህ ይከነክነኛል። መልሴ መጠኑን ማሳነስ ነው፤ የአምስት ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ማጨሻ ጋር የሚሸጥ የተለየ ዕጣን። ቀጨኔን የማነሣው በምክንያት ነው። ጀበናቸው በየቤቱ እያለ ሠሪዎቹ ለዘመናት ቡዳ ተብለው ተሰድበዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ዕቃው ተወድዶ ሠሪው ሲናቅ የኖረው ስሙ ከዕቃው ላይ ስለተፋቀ ነው። ሽቶውም የለቃሚውንና የአብቃዩን ስም ከፋቀ ያንኑ በደል በሚያምር ጠርሙስ ይደግመዋል።

መምህሩ፦ እንግዲያው በመጨረሻ አንድ ፈተና ልስጥሽ። የኢትዮጵያ ሽቶ በዓለም የታወቀው በዝባድ ነው። ጥርኝ ተይዛ፣ ዝባዷ እየተጠረገ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ለዘመናት ተልኳል፤ የእናርያ መንግሥት ንግድ አንዱ ምሰሶ እሱ ነበር። ከዚህ የበለጠ የአገር፣ ከዚህ የበለጠ የእጅ፣ ከዚህ የበለጠ የተፈጥሮ ምን አለ? መነሻውም ይታወቃል፤ በመዝገብሽ ማስፈር ትችያለሽ። ታስገቢዋለሽ?

ቀማሚዋ፦ አላስገባም። ጥርኝ ከዱር ተይዛ፣ መዞሪያ በሌለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ዕድሜዋን ታስራ፣ በየጥቂት ቀኑ እየተያዘች የሚጠረግ ዝባድ ነው። መዝገቤ ይህን በሐቅ ከጻፈ ጠርሙሱን የሚያነብ ሰው አይገዛውም፤ ካልጻፈ ደግሞ መዝገብ መሆኑ ቀረ። እዚህ ላይ ወደ እርስዎ ኬሚስትሪ እመለሳለሁ። ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባዱ ዋና ሽታ የሆነውን የሲቬቶንን መዋቅር ገለጠ፤ በ1939 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች መካከል ይህ ዓይነቱ ምርምር ነበረበት። ዛሬ ውህዱ ያለ ጥርኝ ይሠራል። ያ ሽታ ካስፈለገኝ ከቤተ ሙከራ የወጣውን አስገብቼ «ሰው ሠራሽ» ብዬ እጽፋለሁ።

መምህሩ፦ ያኔ ሽቶሽ «ሙሉ በሙሉ የተፈጥሮ» መባሉ ይቀራል።

ቀማሚዋ፦ ይቅር። ሲጀመርም ያንን ቃል አልጠየቅኩም። ከጠርሙስ ግዢ በፊት የሚያስፈልገኝ ደብተር ነው፤ በአንደኛው ዓምድ የተክሉ ስም፣ በሁለተኛው የአብቃዩና የቦታው፣ በሦስተኛው የተከፈለው ዋጋ፣ በአራተኛው የወጣው ግራም፣ በአምስተኛው ለማስገባት እምቢ ያልኩት ነገርና ምክንያቱ። የዝባዱ እዚያ አምስተኛው ዓምድ ላይ ይጻፋል።